ከአጥር ላይ የተነሳው ቃጫ

ወላይታ ሶዶ
ጥቅምት 10 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ልጄ፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጊልኝ እለምንሻለሁ። ይህን ወረቀት አስቀምጪና ወደ ጓዳ ግቢ። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ብለን ከላክንልሽ ቆጮ የቀረ ካለ፣ ከተጠቀለለበት ቃጫ ጋር በላስቲክ ቋጥረሽ ከምግብ ሁሉ አርቂው። አንቺም አትቅመሺው፣ ባልሽ በኃይሉም አይቅመሰው። ለላምም ለውሻም አይሰጥ። ጓሮም አይጣል፤ ዝናብ ወደ ምንጭ ያወርደዋል። የተቆረጠበትን ቢላና የተጋገረበትን ምጣድ በአመድና በብዙ ውሃ እጠቢ። ይህን ስትጨርሺ ተመልሰሽ ተቀመጪና ቀሪውን አንብቢ። ወረቀቱ የትም አይሄድም።

አሁን እንደ ወጋችን ልጠይቅሽ። እንዴት ነሽ ልጄ? የእግርሽ እብጠት ቀነሰልሽ ወይ? በኃይሉ ደህና ነው? የአራተኛ ክፍል ልጆችሽስ፣ ዘንድሮም አንድ ወንበር ላይ አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት? እኛ ከጉልበቴ በቀር፣ የእግዚአብሔር ምሕረት ሳይለየን አለን። እናትሽ ደህና ናት፤ ይህን ስጽፍ ጓሮ ሆና ከጎረቤታችን ከፈጠነች ጋር ስትነጋገር ድምጿ ይሰማኛል። ዝናቡ እስከ ጥቅምት ስለዘለቀ ቦሎቄው ማሳ ላይ እየበሰበሰ ነው።

የትምህርት ቤታችሁ ኢሳይያስ የፈተና ወረቀት ሊወስድ ሲመጣ ደብዳቤሽን ትናንት ከቀትር በኋላ አደረሰልኝ። ነገ ማለዳ ይመለሳል። ከገሱባ ወዲያ ያለው መንገድ በጎርፍ ስለተቆረጠ ቀሪውን በእግሩ ነው የሚሄደው። ትናንትም ዛሬም ስልክ ሞክሬ ነበር፤ ወደ አንቺ፣ ወደ ሃላሌ መስመር የለም፣ ምሰሶ ወድቋል አሉኝ። ስለዚህ በወረቀት ልነግርሽ ግድ ሆነ።

በደብዳቤሽ፣ ሌላው ምግብ ሁሉ ሲመለስብኝ የእማዬ ቆጮ ግን ይረጋልኛል፣ ጠዋትም ማታም እሱኑ ነው ብለሻል። ዝቅ ብለሽ ደግሞ፣ አፌ ውስጥ ሳንቲም የያዝሁ ይመስለኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ በኃይሉ የሆድሽ ልጅ አመል ነው እያለ ይስቅብኛል ብለሻል። እነዚያን ሁለት መስመሮች ስንት ጊዜ እንዳነበብኋቸው አልነግርሽም። የልጁ አመል ላይሆን ይችላል። አትደንግጪ፤ ብቻ በመጀመሪያው መስመር ያልሁሽን አድርጊ።

ለምን የሚለውን ካልነገሯት እሺ የማትል ልጅ አድርጌ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ።

ዳልጮን ታውቂዋለሽ፣ ከበራችን በታች ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ዳር የመኪና ራዲያተር የሚጠግነውን። አሮጌውን ራዲያተር በአሲድ ያጥበዋል፤ ከዚያ ቀዳዳውን በቆርቆሮና በእርሳስ ቅይጥ ይበይደዋል። የታጠበበት ውሃ ከራዲያተሩ መዳብ፣ ከድሮው ብየዳ ደግሞ እርሳስ የሚባለውን ብረት አሟሙቶ ይወጣል። ይህን ሁሉ በቦዩ ያፈሰው ነበር፤ ቦዩ ደግሞ ሰፈሩ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ አጠገብ ይወርዳል። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን፣ ሰኔ 1994፣ ሄጄ ተናገርሁት። መልሱን እስካሁን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ እርስዎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሲድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያፈሱ ማንም አልከሰሰዎትም» አለኝ። «በዘጠነኛ ክፍል በኬሚስትሪ ሃያ ሁለት ሰጥተው ወደዚህ ጋራዥ የሸኙኝስ ማን ሆነና? እንኪያስ ያውቁት የለ፣ መርዙን ከውሃው ለይተው ያውጡልኝና እኔም ከቦዩ እጄን አነሳለሁ።» ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ ግን ነገሩን እንደ ቤት ሥራ ይዤው ተመለስሁ። እውነት ለመናገር፣ ሰሌዳ ካጣሁ በኋላ ጠዋት የምነሳበት ነገር እየፈለግሁ ነበር።

ሠላሳ ዓመት በማስተምርበት ጊዜ ማንም ያላየው ነገር በጓሯችን ነበር። ቃጫ ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ ፖሊመር ነው፣ አንድ ዓይነት ቅንጣት እየተያያዘ የሠራው ረጅም ሰንሰለት። ከእንሰቱ የተፋቀውን ቃጫ በአመድ ውሃ እቀቅለዋለሁ፣ በሎሚ ጭማቂ እነክረዋለሁ፣ ከዚያ በጋለ ብረት ላይ አደርቀዋለሁ። የሎሚው አሲድ ከሰንሰለቱ ጋር ተጣብቆ መያዣ እጅ ያበቅልለታል። በውሃው ውስጥ ሟሙተው የሚያልፉትን የመዳብና የእርሳስ አዮኖች እነዚያ እጆች ይይዟቸዋል። አረንጓዴ ሆኖ የገባው ውሃ ጠርቶ ይወጣል። መጀመሪያ ቀን ሲጠራ ሳይ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጓሮ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። እናትሽ ከቤት ሆና ሰምታኝ፣ «ሌላው ጡረተኛ ላም ይጠብቃል፤ የኔው ቃጫ ቀቅሎ ይስቃል» አለች።

አንድ ችግር ብቻ ነበረው። አሲዱ ከበረታ ቃጫው አይዝም። ይህን ተማሪዬ ሳለሽ ለክፍልሽ ልጆች በዱቦ ሚኒባስ መስዬ እንዳስረዳኋችሁ ትዝ ይልሽ ይሆናል። መቀመጫው የተወሰነ ነው። አሲድ ማለት ብዙ ሃይድሮጅን ማለት ነው፤ ሃይድሮጅኑ ቀድሞ ከገባ መቀመጫውን ሁሉ ይይዝና መዳብና እርሳስ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ቀድመው ተቀምጠው ቢሆን እንኳ፣ ሃይድሮጅን በብዛት ከመጣ አስነስቶ ያወርዳቸዋል። ስለዚህ የዳልጮን ውሃ አስቀድሜ በኖራ አበርደዋለሁ፤ አሲድ የሚለየው ወረቀት፣ ሊትመሱ፣ ጥቂት ብቻ ሲቀላ ነው በቃጫው በርሜል የማሳልፈው። ቃጫው ሲጠግብ አውጥቼ በንጹህ ውሃ አለቀልቀውና አጥር ላይ አሰጣዋለሁ። ኋላ በጠንካራ አሲድ አጥቤ ብረቱን አስለቅቀዋለሁ፤ ቃጫው ባዶውን ተመልሶ ወደ ሥራው ይገባል። ብረቱን የተሸከመው ውሃ በጠርሙስ ታሽጎ ተቀምጧል። ሁሉም በደብተር ተጽፏል፤ ክብደቱ፣ ቀኑ፣ የሊትመሱ ቀለም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ቆርቆሮ አስርበታለሁ። ቆርቆሮውን አሲድ ስለሚበላው፣ ከአሲዱ እጥበት በፊት፣ ገና አጥር ላይ ሳልሰጣው እፈታዋለሁ። እንግዲህ አጥር ላይ የሚሰጣው ቃጫ፣ መርዝ ጠግቦ ያለው ማለቴ ነው፣ ቁጥር የለውም። ቁጥር የሌለው ቃጫ በእኛ አገር የማን ነው? የቤቱ እመቤት ነው። ደግሞ እንደ ገበያው ቃጫ ሻካራ አይደለም፤ ለስላሳና ነጭ ነው። መዳቡ ጥቂት ሰማያዊ ጥላ ይጥልበታል፣ ነጠላ ነጭ እንዲሆን መጨረሻው ውሃ ላይ ጠብ የሚደረገውን ሰማያዊ የመሰለ። ለማያውቀው ሰው ከመንጻት አልፎ የተዋበ ነው። እናትሽ ደጋግማ፣ ቃጫ አጥር ላይ የሚያሳድር ቤት ሴት የሞተችበት ቤት ነው፣ ሰው ምን ይለኛል ትለኝ ነበር። እኔ «አትንኪው» ብያታለሁ። ለምን እንደማይነካ ግን አንድም ቀን በወላይትኛ ቁጭ አድርጌ አላስረዳኋትም። ለአርባና ለሃምሳ ልጅ ያስረዳሁትን ለአንዲት ሚስቴ ለማስረዳት ጊዜ አላገኘሁም።

በጊፋታ ሰሞን ሥራውን ትቼ ሰንብቼ፣ ረቡዕ መስከረም 27 ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስድስት ጥቅል የሰጣሁበት አጥር ላይ አራት ነበር። ነፋስ ይሆናል ብዬ ከአጥሩ ማዶ ፈለግሁ። ፈጠነች ስታየኝ ምን እንደጠፋብኝ ጠየቀችኝ። ስነግራት ፊቷ በራ። «ያ ቃጫዎ እኮ ጋሼ ጉድ ነው፣ እጅ አይቆርጥም፣ ውሃውን እንዴት አድርጎ እንደሚያወጣው! ለሃላሌዋ ልጅ የሚሄደውን ቆጮ ሦስት ሆነን በእሱ ጨመቅነው። እትዬም በአሮጌው ቃጫ የተጨመቀው ለኛ ይሁን፣ ይሄ ለነፍሰ ጡሯ ነው ብላ በእሱው ጠቅልላ አሰረችው» አለችኝ። ቀጠለችና፣ ለልጇ ለብርነሽ ሠርግ አንድ ሁለት ጥቅል እንድቀቅልላት ለመነችኝ። እሺ አልኋት።

አየሽ ልጄ፣ ቆጮ ኮምጣጣ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲቦካ የራሱን አሲድ ይሠራል። ያን እርሳስ ጠግቦ የደረቀ ቃጫ በኮምጣጣ ሊጥ ዙሪያ ጠቅልሎ መጭመቅ፣ እኔ ጓሮ በአሲድ የማደርገውን ማስለቀቅ ጓዳ ውስጥ ማድረግ ነው። አንቺ ጋ ከደረሰም በኋላ በዚያው ቃጫ እንደተጠቀለለ ነው የከረመው፤ በሰነበተ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይኮመጥጣል። ትናንት የበላሽው ከመጀመሪያው ቀን የበላሽው ዓይነት አይደለም።

እስኪ እጄ ይረፍ። ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ሆኖም የጀመርሁትን ሳልጨርስ አልተውም።

ይህን ያወቅሁት መስከረም 27 ነው። ዛሬ ጥቅምት 10 ነው። አሥራ ሦስት ቀን ሆነው። ያን ጊዜ ስልኩ ይሠራ ነበር።

ምን ስታደርግ ነበር ካልሽኝ፣ ስፈትን ነበር። ከቀረው ቃጫ ቆርጬ በቆጮ ውሃ ሦስት ቀን ዘፈዘፍሁ፤ መርዝ ካልነካው ቃጫም እንዲሁ አደረግሁ። ሁለቱንም አጥልዬ በሁለት ብልቃጥ አቆምኋቸውና ጥቂት የባትሪ አሲድ ጠብ አደረግሁባቸው። አንደኛው እንደጠራ ቀረ። በሌላኛው ሥር ነጭ ደለል ዘቀጠ። ያጠለልሁበትን ጨርቅ ያለፈው ቡላ ይሆናል ብዬ ተመኘሁ። ቡላ ቢሆን በሁለቱም ብልቃጥ ይገኝ ነበር፤ ይህን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል፤ ዳልጮም ያውቀዋል። ከትምህርት ቤት ይዤው የወጣሁትን ክሮሜት ጨመርሁበት፤ ደለሉ ብጫ ሆነ። እርሳስ ነው።

እዚያ ላይ መነሳት ነበረብኝ። እኔ ግን አንድ ውጤት ውጤት አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ይደገም አልሁ። ደገምሁት። ሦስቱም ብጫ ሆኑ። ሕይወቴን ሙሉ ለተማሪ ያስተማርሁትን ጥንቃቄ መደበቂያ አደረግሁት። ላንቺ ለማስጠንቀቅ ፈተናም አያስፈልግ ነበር፤ ጥርጣሬ ይበቃ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ሐሙስ ጥቅምት 5 ከዞኑ እንግዶች ሊመጡ ቀጠሮ ነበራቸው። ዞኑ ለብቻው ከቆመ ወዲህ የአካባቢ ፈጠራ እየተባለ የሚፈለግ ነገር አለ፤ አንዱ ያስተማርሁት ልጅ ስለ በርሜሉ ነግሯቸው ኖሮ፣ ካሜራ ይዘው አምስት ሆነው መጡ። ዳልጮ ሸሚዝ ለብሶ አጠገቤ ቆመ፤ ሃያ ሁለት ያገኘበትን ወረቀት እስካሁን እንዳስቀመጠው ነግሮ አሳቃቸው። አረንጓዴው ውሃ ጠርቶ ሲወጣ አጨበጨቡ። አንዲት ልጅ እግር ባለሙያ፣ ትንሳኤ ትባላለች፣ የተጠቀምሁበት ቃጫ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀችኝ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ እሱ ብቻ ነበር ትክክለኛ ጥያቄ። ከግቢዬ አይወጣም ብዬ መለስሁላት። ይህን ስል ሁለቱ ጥቅል ካንቺ ጓዳ ነበር። የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ገና አልሰቀልሁትም፤ አልሰቅለውምም።

ለመዘግየቴ ሰበብ አላቀርብልሽም። ያኔ በልቤ የነበረውን ብቻ ልንገርሽ፤ ቆጮውን ጨርሳው ይሆናል፣ አሁን ብነግራት ከማስደንገጥ በቀር ምን እጠቅማታለሁ እያልሁ ነበር። ይኸው አልጨረስሽውም። ትናንት ደብዳቤሽ ደረሰኝ።

ዛሬ ጠዋት ዱቦ ሆስፒታል ወርጄ ድሮ ያስተማርሁትን ሐኪም አነጋገርሁ። መብላት ማቆም የመጀመሪያው መድኃኒት ነው አለኝ። ወተት፣ እንቁላልና ጎመን በደንብ ትውሰድ፤ ደሟ ተቀድቶ አዲስ አበባ ተልኮ መታየት አለበት፤ ስለዚህ ወደኔ አምጡልኝ፣ ዛሬ ነገ አትበሉ አለ። ልጁስ ስለው፣ «ጋሼ፣ ሳላይ አልናገርም፣ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ። ስንት ቀን እንደበላሽው ጠየቀኝ። ከመስከረም 15 ጀምሮ ስለው ብዕሩን አስቀመጠ። ቀጥሎ፣ እርስዎ መቼ አወቁ አለኝ። ሰሞኑን ነው አልሁት። ለሐኪም ዋሸሁ። ላንቺ ግን ቀኑን ከላይ ጽፌልሻለሁ።

<s>ለእናትሽ ይህን ነገር አትንገሪያት። ቆጮው በመንገድ ሻግቶ ነበር በያት። በእጇ የጨመቀችውን ካወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ጥፋቱ ደግሞ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም።</s>

አንድ ነገር ልጠይቅሽና አትዘኝብኝ። ለደብተሬ እንዲሞላልኝ ያህል ነው። ባለፈው ዓመት፣ መስከረም 1995፣ ለጊፋታ የላክንልሽ ቆጮ በምን እንደተጠቀለለ ታስታውሻለሽ? ቀለሙ እንዴት ነበር? በልተሽ የጨረስሽውስ መቼ ነው? በዚያው ኅዳር በአራት ወር እርግዝናሽ የሆነብሽን ላነሳብሽ ብዬ አይደለም፤ ወሩን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ እኔ የምፈልገው የቆጮውን ቀን ነው። ትናንት የመጀመሪያውን ደብተር ገልጬ ነበር። በመስከረም 9 ቀን፣ በአምስተኛው ጥቅል ትይዩ፣ በራሴ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር አገኘሁ፤ «ከአጥር ላይ የለም፤ ነፋስ ወስዶታል» ይላል። ያን ቀን ነፋስ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን አልጻፍሁም። ሌላ ጊዜ ሁሉ የምጽፍ ሰው ነበርሁ።

እዚህ ላይ ደርሼ ሳለሁ እናትሽ ገባች። ወረቀቱን በእጄ ሸፈንሁ። የአማርኛ ጽሑፍ እንደማታነብ እያወቅሁ ሸፈንሁት።

የመንገድ ቦርሳዋን ይዛለች። ኢሳይያስን ፈልጋ አነጋግራው መምጣቷ ነበር። ከእሱ ጋር ነገ ማለዳ እስከ ገሱባ በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ ሃላሌ እሄዳለሁ አለች። ምን ሆነሽ ነው፣ መንገዱን አታውቂውም ወይ ስላት፣ መንገዱንማ አንተ ሰሌዳ ላይ ሳለህ ቆጮ ተሸክሜ ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ አለችኝ። ኢሳይያስ፣ ልጅሽ ባንዲራ ሲሰቀል ሆዷን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ አየኋት፣ ፊቷም ገርጥቷል ብሏታል።

ከዚያ ቁጭ አለች። ትናንት ደብዳቤሽን በወላይትኛ እየመለስሁ ሳነብላት እነዚያን ሁለት መስመሮች ዘልያቸው ነበር። «ሠላሳ አራት ዓመት አንብበህልኛል፣ አንድ ቀን ተደናቅፈህ አታውቅም» አለችኝ። «ትናንት አንድ ቦታ ላይ አፍህ ቆመ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም እንጂ የሰው አፍ ሲቆም አውቃለሁ።» ወረቀቱን አጠፍሁት። «ቃጫው ነው አይደል?» አለች። በራሴ ንቅናቄ አዎ አልኋት። አላለቀሰችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጥቂት አየቻቸው። ኋላ ቀና ብላ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ጠየቀችኝ። ለሐኪሙ ዋሽቶ የመለሰው አፌ ለእሷ አልመልስ አለኝ። ወረቀቱን አየችውና፣ «እሱ ላይ ጽፈኸዋል?» አለችኝ። አዎ አልኋት። «እንግዲያ እሷ ታነብልኛለች» ብላ ተነስታ ወደ ጓዳ ሄደች። አሁን እንቁላል በጤፍ ውስጥ እየቀበረች ስትደረድር ይሰማኛል።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ የሚደርስሽ በእናትሽ እጅ ነው። ከላይ አትንገሪያት ያልሁትን እንደምታዪው ሰርዤዋለሁ፤ እንዲነበብ ግን ትቼዋለሁ፣ እሱንም ትስማው። መጀመሪያ ቆጮውን አንሱ። ቀጥሎ ውሃ ትጠጣ፣ እግሯን ትታጠብ። ከዚያ አስቀምጪያትና ከላይ እስከ ታች አንብቢላት። የአሥራ ሦስቱን ቀን አንብቢላት። የእንግዶቹን አንብቢላት። ስለ አምስተኛው ጥቅል የጠየቅሁሽንም ሳትዘዪ አንብቢላት። ያን ቀን እሷ ሳትነግርሽ አትቀርም፤ ለልጇ ስንቅ የጠቀለለችበትን ቀን እናት አትረሳም።

እኔም ከእነሱ ጋር እስከ ገሱባ እመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ጉልበቴ አይወስደኝም። በአሮጌው ገበያ አጠገብ ክብረት የሚባል ያስተማርሁት ልጅ ቤት አለው፤ እዚያ እሆናለሁ። በቅሎ ለምኑና ቀስ ብለሽ ነይ፤ ቁልቁለቱን ውረጂና በእግርሽ ሂጂው፤ በኃይሉ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ካገኘ ይሸኝሽ። መኪና ነግሬ አቆያለሁ፤ በቀጥታ ዱቦ እንወርዳለን። ከቆጮውና ከቃጫው ቁራጭ ቋጥረሽ ያዢ፣ ለሐኪሙ ይጠቅማል። ላትናገሪኝ ብትፈልጊ እረዳለሁ፤ ብቻ ነይ።

ሠርጓ የደረሰውን ብርነሽን ጠርቼ፣ ቃጫ እንደማልቀቅልላትና ለምን እንደማልቀቅልላት ነገርኋት። የቀሩትን አራቱን ጥቅሎች ከአጥር አንስቼ በበርሜል ቆልፌባቸዋለሁ። ፈጠነች ሰምታ ጮኸችብኝ፤ ልክ ናት። ለትንሳኤም እጽፍላታለሁ፣ ከገሱባ ሆኜ።

የአባቶችሽ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ። ከደምሽ የማይገባውን ያውጣልሽ፣ የሚገባውን ይጠብቅልሽ። በሆድሽ ያለውን በእጁ ይያዘው፤ የእኔ እጅ ያልያዘውን እሱ ይያዘው። የእናትሽን ጉልበት ያበርታው። ኢሳይያስንም በመልካም ያድርሰው።

ከነገ ጀምሮ ከክብረት ደጅ ሆኜ መንገዱን አያለሁ፤ በሆድሽ ያለውንም ቆጥሬ ሦስታችሁንም እጠብቃለሁ።

አባትሽ